«ኦንሊ» እና «ብቻ»፦ አጥሩ የታጠረው በማን ዙሪያ ነው?

በዚህች ቡሌቲን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ነው፤ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ስደት፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት አንዲት ቃል ናት። እንግሊዝኛው «ኦንሊ» ይላታል። እኛም ገና በአንደኛ ደረጃ «ብቻ» ብለን ተርጉመን በደብተራችን ጽፈን አልፈናታል። «ይቺን ደግሞ የማያውቅ አለ እንዴ?» የሚል ሰው ካለ እባክዎ እስከ መጨረሻው ይታገሱኝ። ቃሏን ሁላችንም እናውቃታለን። ቁምነገሩ የት እንደምትቀመጥ፣ ማንን እንደምታጥርና መቼ «ብቻ» ተብላ እንደማትተረጎም ማወቁ ላይ ነው።

ሐሳቤን ገና ከጅምሩ ልናገር። «ኦንሊ» እንደ አጥር ናት። አንዱን ከውስጥ ታስገባለች፣ ሌላውን ሁሉ በውጭ ታስቀራለች። አጥር የሚያጥር ሰው ደግሞ ችካሉን ከመትከሉ በፊት ማን ከውስጥ፣ ማን ከውጭ እንደሚሆን ማየት አለበት። እኛ ነገ በሀዲያና በከምባታ ቀበሌዎች የምናስተምር ሰዎች ነን። ይህችን ቃል በፈተና መመሪያ እንጽፋታለን፣ በግድግዳ ላይ እንለጥፋታለን፣ በሕፃናት አፍ ላይም እናጥራታለን። ስለዚህ ጉዳዩ የሰዋስው ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የቃሏ ዘር

እንግሊዝኛው «ኦንሊ» የተገኘችው «አንድ» ከሚለው የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው። «አንድ የሚመስል፣ አንድ ዓይነት» እንደማለት ነበረች። «አሎን» የምትለውም የዚሁ ዘመድ ናት፤ «ሁሉ አንድ» ከሚል ጥምረት የመጣች ናት። «ሎንሊ» የምትባለው የብቸኝነት ቃል ደግሞ ከ«አሎን» ተቆርጣ የወጣች ናት። እንግዲህ መቁጠርና መለየት፣ መለየትና ብቻ መሆን በእንግሊዝኛ አንድ ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ግዕዙ «ባሕቲቱ» ሲል «እርሱ ብቻውን» ማለቱ ነው። ብቻውን በበረሃ የሚኖረው መናኝ «ባሕታዊ» የሚባለውም ከዚሁ ነው። እዚያው አጠገብ ደግሞ «ባሕቱ» የሚል ቃል አለ፤ ትርጉሙ «ነገር ግን» ነው። ይህ ለእኔ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ ምክንያቱም አማርኛውም እንግሊዝኛውም ይህንኑ ያደርጋሉ። «እመጣ ነበር፤ ብቻ ጊዜ የለኝም» እንላለን። እዚህ ላይ «ብቻ» ማለት «ግን» ነው። እንግሊዞችም «ኦንሊ»ን በዓረፍተ ነገር መካከል አስገብተው ልክ እንደዚሁ በ«ግን» ፈንታ ይጠቀሙባታል። ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት አገር፣ አንድ አካሄድ! ከዚህ የምንረዳው ማጠርና መቃወም ጎረቤት መሆናቸውን ነው። «ይህ ብቻ» ያለ ሰው «ያኛው ግን አይደለም» ማለቱ ነው።

የቦታዋ ነገር

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። በሆሳዕና ገበያ ቅቤ የምትሸጥ አስቴር የምትባል ሴት አለች እንበል። ስሟ ለምሳሌ ያህል ነው። «አስቴር ቅቤ ሸጠች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይዘን «ብቻ»ን እየተዘዋወርን እናስቀምጥ፦

«አስቴር ብቻ ቅቤ ሸጠች።» ሌሎቹ ሴቶች አልሸጡም።

«አስቴር ቅቤ ብቻ ሸጠች።» አይብ አልሸጠችም፣ ቆጮ አልሸጠችም።

«አስቴር ቅቤውን መሸጥ ብቻ ነው የሠራችው።» የናጠችው ሌላ ሰው ነው፤ እሷ ሻጭ ናት።

እንደምታዩት አማርኛችን ምንም አያደናግርም። «ብቻ» የምታጥረውን ቃል ተከትላ ትመጣለች፤ ከኋላው ትቆማለች። የቀደመውን ቃል አይተን የታጠረውን እናውቃለን። ድርጊቱን እናጥር ካልን ደግሞ ግሱን ወደ «መሸጥ» ለውጠን «ብቻ»ን ከኋላው እናቆማታለን።

እንግሊዝኛው ግን እንዲህ አይደለም። «ኦንሊ አስቴር ሶልድ በተር» ካለ ልክ ነው፣ ሌሎቹ አልሸጡም። «አስቴር ሶልድ ኦንሊ በተር» ካለም ግልጽ ነው። ችግሩ «አስቴር ኦንሊ ሶልድ በተር» ሲል ነው። ይኼ ቅቤ እንጂ አይብ አልሸጠችም ማለት ነው? ወይስ ሸጠች እንጂ አልናጠችም ማለት ነው? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የአገሩ ሰው ሲናገር ድምፁን በአንዱ ቃል ላይ ጠንከር በማድረግ ይለየዋል። በወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም።

በዚህ ጉዳይ እንግሊዞቹ ራሳቸው ለረጅም ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። ሮበርት ሎዝ የተባለው ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ «ኦንሊ» ከምታጥረው ቃል ጎን መቀመጥ አለባት የሚል አቋም ነበረው። ከእሱ በኋላ የመጡ መምህራን ይህንን እንደ ሕግ ይዘው ተማሪ ሲቀጡበት ኖሩ። ፋውለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣው የታወቀ የአጠቃቀም መዝገቡ በእነዚህ አጥባቂዎች ላይ ተሟገተ። ሰው ሲናገር ቃሏን ከግሱ በፊት ማድረጉ የቆየ ልማድ ነው፣ የሚያሳስት ነገር እስከሌለ ድረስ ሰውን በዚህ ማስጨነቅ አይገባም የሚል ነበር ሐሳቡ።

ማን ልክ ነው? በእኔ አስተያየት ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው። ስናወራ ፋውለርን እንከተል፤ ድምፃችን ያግዘናል። ስንጽፍ ግን፣ በተለይ ፈተናና ማስታወቂያ ስንጽፍ፣ ሎዝን እንከተል። ለእኛ ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ «ብቻ»ን ከቃሏ ጎን የማስቀመጥ ልማድ ከልጅነቱ ጀምሮ አለው። የሚገርመው እንግሊዝኛ ስንጽፍ ይህንን መልካም ልማዳችንን ከበር ውጭ ጥለን መግባታችን ነው። ልማዱን ይዘን እንግባ ነው የምለው። ልዩነቱ አማርኛው ከኋላ ሲያስቀምጣት እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ማስቀመጡ ላይ ነው።

«ብቻ» ያልሆነችው «ኦንሊ»

ሁለተኛው ጉዳይ ትርጉም ነው። ብዙዎቻችን «ኦንሊ»ን ባየን ቁጥር «ብቻ» እንላለን። ውጤቱ አማርኛ የሚመስል፣ ግን ማንም የማይናገረው አማርኛ ይሆናል። እስቲ ጥቂቶቹን ልደርድር።

የጊዜ ነገር ሲሆን «ብቻ» አይሠራም። ሰውዬው «ኦንሊ ትናንት» መጣ ቢባል «ትናንት ብቻ መጣ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ አንድ ቀን ብቅ ብሎ የቀረ ያስመስለዋል። ትክክለኛው አማርኛ «ገና ትናንት ነው የመጣው» ነው። ልጁን «ኦንሊ ሕፃን» ቢሉትም እንደዚሁ ነው፤ «ገና ሕፃን እኮ ነው» እንላለን። «ገና» እና «እኮ» ተባብረው ሥራውን ይጨርሱታል።

እናቱ ሌላ ያልወለደችለትን ልጅ እንግሊዝኛው «ኦንሊ ቻይልድ» ይለዋል። «ብቸኛ ልጅ» ብለን ብንተረጉም ሰው ዘመድ የሌለው፣ ጓደኛ ያጣ ምስኪን ይመስለዋል። አማርኛ ለዚህ «አንድ ለእናቱ» የሚል የሚጥም አነጋገር አለው። ልብ በሉ፣ «አንድ» ተመልሶ መጣ! የእንግሊዝኛዋ ቃል የተወለደችበት ቦታ ላይ የእኛም አነጋገር አረፈ።

«ኢፍ ኦንሊ» ምኞትና ቁጭት ነው፤ «ምነው ባወቅሁ ኖሮ!» ብለን እንቆጫለን። እዚህ «ብቻ» የለችም። «ኦንሊ ኢፍ» ግን ቃላቱ ቦታ ስለተለዋወጡ ሌላ ነገር ሆነች፤ ቅድመ ሁኔታ ሆነች። ሒሳብ የምትማሩ ጓደኞቻችን ይህንን ያውቃሉ። «ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይጨቀያል» እና «መንገዱ የሚጨቀየው ዝናብ ከዘነበ ብቻ ነው» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን የውኃ ቧንቧ ሊፈነዳ እንደሚችል የረሳ ሰው ንግግር ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ «ኦንሊ ቱ» የምትባለው ናት። ሰውዬው ወደ መናኸሪያ ሮጠ፣ «ኦንሊ ቱ» አውቶቡሱ መሄዱን ሊያይ። ይህንን «አውቶቡሱ መሄዱን ለማየት ብቻ ሮጠ» ብሎ የተረጎመ ሰው አጋጥሞኛል። ሰውዬው አውቶቡስ ሲሄድ ማየት የሚወድ ሆኖ ቀረ! አማርኛ እዚህ ቦታ በአንዲት «ቢ» ብቻ ነው ነገሩን የሚጨርሰው፤ «እየሮጠ መናኸሪያ ቢደርስ አውቶቡሱ ሄዷል»። ልፋቱም፣ ከንቱ መቅረቱም በ«ቢደርስ» ውስጥ አለ።

በተቃራኒው ደግሞ «ኦንሊ» የማትሆን የእኛ «ብቻ» አለች። እናት ልጇን «ትመጣት ብቻ!» ስትል ዛቻ ነው። ሽማግሌ ጨዋታውን ሲቋጭ «ብቻ ምን አለፋህ» ሲል ማጠቃለያ ነው። ጓደኛችን ሲሸኘን «ብቻ ደህና ግባ» ሲል የቀረው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር የሚል ምርቃት ነው። እነዚህን ሁሉ «ኦንሊ» ብለን ወደ እንግሊዝኛ ብናሻግር ፈረንጁ ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

አማርኛ ሌላም ብልኃት አለው። ብዙ ጊዜ አጥሩን ሲያጥር ሁለቱንም ወገን ያሳየናል። «ቅቤ እንጂ አይብ አልሸጠችም» ሲል የገባውንም የቀረውንም ይጠራል። «ከእሷ በቀር የመጣ የለም» ሲል የቀረውን ሁሉ በ«የለም» ያስወጣል። ይህ «እንጂ» እና ይህ «በቀር» ከ«ብቻ» ይልቅ ለሰሚው የሚቀሉበት ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ ከዚህ ቀጥሎ በምናገረው ታሪክ ይገባችኋል።

ገንዘብና መድኃኒት

በከተማችን ቼክ የጻፈ፣ የእድር ደረሰኝ የተቀበለ፣ የገንዘብ ማዘዣ የሞላ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። ገንዘቡ በፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ብቻ» ይባላል፤ «አምስት ሺህ ብር ብቻ»። እንግሊዝኛውም ቼክ ላይ «ኦንሊ» ይላል። ይህ ትንሽ ነው ለማለት አይደለም። በር መዝጋት ነው። ከ«ብቻ» በኋላ «ከአምስት መቶ» ብሎ የሚቀጥል አጭበርባሪ እንዳይገባ ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ ይህንን ከእኛ ከቋንቋ ተማሪዎች በተሻለ ያውቃል።

በቅጽ ላይ «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ» የሚል ሳጥን ሲኖር ደግሞ ትርጉሙ «አንተ እዚህ አትጻፍ» ነው። ብዙ ሰው ግን ሳጥን ባዶ ሆኖ መቅረቱ ስለሚያሳስበው ይሞላዋል። «ብቻ» ማን እንደሚገባ ነግራዋለች፤ እሱ እንደማይገባ ግን በግልጽ አልተነገረውም።

ይህ በቅጽ ላይ ሲሆን ቅጹ ይበላሻል፣ ሌላ ይሰጣል። በመድኃኒት ላይ ሲሆን ግን ሕይወት ነው። ጎረቤታችን ያሉ እናት አንድ ቀን ለቁስል የሚቀባ ፈሳሽ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። በጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ትምህርት ቤት የሚሄደው የልጅ ልጃቸው «ለውጭ አገልግሎት ብቻ» ብሎ አንብቦላቸዋል። ልጁ ቃል በቃል ስንመለከተው አልተሳሳተም። ታዲያ እሳቸው ምን አሉ መሰላችሁ?

«ልጄ፣ ይሄ እዚህ ላለ ሰው አይሆንም እንዴ? ውጭ አገር ላሉት ነው ይላል።»

ሳቅ ይመጣል። ግን እናስብ። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ እናንተ ታውቃላችሁ። በእኛ ሰፈር «ውጭ» ከተባለ ጆሃንስበርግ ነው እንጂ ቆዳ አይደለም። እሳቸው የሰሙት በትክክል ሰፈሩ የሚናገረውን አማርኛ ነው። እኔም «እማማ፣ በቆዳ ላይ ይቀባል እንጂ አይጠጣም ነው የሚለው» አልኳቸው። «ታዲያ አይጠጣም አይልም ነበር!» አሉኝ።

እማማ ከብዙ የትርጉም መጽሐፍ የበለጠ አስተማሩኝ። «አይጠጣም» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ሐሳቡ ግን «ኦንሊ» ውስጥ ተደብቆ አለ። ተርጓሚ ሥራው የተደበቀውን ማውጣት ነው። አጥሩ ሕይወትን የሚነካ ከሆነ ከውጭ የቀረውን በስሙ መጥራት አለብን። «ብቻ» ብሎ ማቆም አይበቃም።

የተደበቀች «ብቻ»፦ የውጫሌ ውል

ይህ ነገር በአገር ደረጃም ደርሶብናል። ሁላችንም በታሪክ ትምህርት የውጫሌን ውል ተምረናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ነበር የተጻፈው። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ነገር ነው ጠቡን ያመጣው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዱ እንደሚችሉ ይናገራል። ኢጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ አድርጎ ተረዳው።

ብዙ ጊዜ ይህንን «በሚችልና በሚገባ መካከል ያለ ልዩነት» ብለን እንማረዋለን፤ ልክም ነው። እኔ ግን ከርዕሴ አንፃር ሌላም ነገር አያለሁ። ኢጣልያኖቹ በአንቀጹ ውስጥ ያልተጻፈች «ብቻ» አስገብተዋል። «በኢጣልያ በኩል» የሚለው «በኢጣልያ በኩል ብቻ» ሆነ። አንድ መንገድ መኖሩን የሚናገር ቃል ሌላውን መንገድ ሁሉ የሚዘጋ ሆነ። ምኒልክ ይህንን የተረዱት ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት በቀጥታ ደብዳቤ ጽፈው በኢጣልያ በኩል መምጣት ነበረብዎት የሚል መልስ በደረሳቸው ጊዜ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱን አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋ ላይ ነገሩ በጦር አለቀ።

ያልተጻፈች «ብቻ» ይህን ያህል ካደረገች የተጻፈችዋን በጥንቃቄ መያዝ አይገባንም ትላላችሁ?

«እንግሊዝኛ ብቻ!»

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። ከዚህ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ትምህርት ቤት የክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ «ስፒክ ኢንግሊሽ ኦንሊ» የሚል ተለጥፎ ነበር። በክፍሉ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ በቤታቸው ሀዲይሳ የሚናገሩ ናቸው። የሳይንስ መምህሩ እርጥብ ልብስ ለምን እንደሚደርቅ ጠየቀ። ክፍሉ ዝም አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ለጓደኛው በሀዲይሳ አንሾካሾከ። የክፍል አለቃው ሰማና ስሙን ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ ሕጉን ጥሷልና። በኋላ በዕረፍት ሰዓት ያንን ጓደኛውን ምን ብሎህ ነው አልኩት። «ውኃው ወደ አየር ስለሚሄድ ነው አለኝ» አለ። ልጁ መልሱን ያውቃል! በክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። አጥሩ ግን እሱን ከውጭ አስቀረው፤ ዝም ያሉት ሃምሳ ልጆች ደግሞ ሕግ አክባሪ ሆነው ከውስጥ ተቀመጡ።

ለዚህ ነው ማን ከውስጥ ማን ከውጭ እንደሚሆን እንይ የምለው። የማስታወቂያው ጸሐፊ በልቡ ያሰበው «እንግሊዝኛ ተለማመዱ» የሚለውን ይመስለኛል። የጻፈው ግን «ሌላውን አትናገሩ» የሚል ነው። እንግሊዝኛ ገና ላልያዘ ልጅ ደግሞ ይህ «አትናገር» ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ በእኛ አካባቢ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሀዲይሳና ከምባትሳ ከእነዚያ መካከል ነበሩ፤ ያኔ የሚጻፉትም በፊደላችን ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ በር ከፈተ። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለረጅም ዓመታት ልጁ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበት ነበር። አማርኛን ደግሞ ከገበያው፣ ከመናኸሪያውና ከክፍለ ጊዜው ይለቅማል። የእኛ ልጅ እንግዲህ በሦስት ቋንቋ መካከል የሚኖር ልጅ ነው። እንደዚህ ላለ ልጅ «አንዱን ብቻ» ማለት ከሦስት እግር በርጩማ ሁለቱን መንቀል ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በመኝታ ቤታችንም በክፍላችንም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

አንደኛው «ካልተገደዱ አይናገሩም፣ ካልተናገሩ አይለምዱም» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ቋንቋ በልምምድ ነው የሚያዘው፤ እኔም እንግሊዝኛን የምወድ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነኝ። ግን ልምምድና ክልከላ ይለያያሉ። ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜው ውስጥ ለአሥራ አምስት ደቂቃ «አሁን ሁላችንም በእንግሊዝኛ እንሞክር» ማለት አጥሩን በሰዓት ዙሪያ ማጠር ነው። ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን በልጁ ዙሪያ ማጠር ነው።

ሁለተኛው «ክፍሉ ቅይጥ ነው፤ ሀዲይሳ የሚናገር፣ ከምባትሳ የሚናገር፣ ስልጥኛም ጉራግኛም የሚናገር አለ፤ መምህሩ በየትኛው ይርዳቸው?» የሚል ነው። ይህ በተለይ በከተማ ትምህርት ቤቶች ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስ የለውም። ቢሆንም መምህሩ ሁሉንም ቋንቋ ባያውቅ ልጆቹ ለልጆቹ ይተረጉማሉ። ሀዲይሳና ከምባትሳ ደግሞ ሩቅ አይደሉም፤ ሁለቱም «አንድ»ን «ማቶ»፣ «ሁለት»ን «ላሞ» ብለው የሚቆጥሩ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። ስሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ «ለጓደኛህ የነገርከውን እስቲ ለሁላችን ንገረን፤ ከዚያ አብረን ወደ እንግሊዝኛ እንውሰደው» ማለት ይሻላል። ያን ቀን ይህ ቢደረግ ኖሮ ክፍሉ ሁሉ እርጥብ ልብስ ለምን እንደሚደርቅም፣ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባልም ተምሮ ይወጣ ነበር።

ምን እናድርግ?

ብዙ አላበዛም። ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. ለልምምድ ስንወጣ የምናዘጋጀውን የፈተና መመሪያ በጓደኛችን እናስነብብ። «ከአምስቱ ጥያቄዎች ሁለቱን ብቻ መልሱ» ስንል «ሦስተኛ ብትጨምሩ አይታረምም» የሚለውንም እንጨምር። «የመልሱን ፊደል ብቻ ጻፉ» ስንል በሰሌዳ ላይ በምሳሌ እናሳይ። መልሱን እያወቀ መመሪያውን ባለመረዳት ነጥብ የሚያጣ ልጅ አይኑር።

2ኛ. «ኦንሊ»ን የምናስተምርበት ትምህርት ከልጆቹ ቋንቋ ይነሣ። ሀዲይሳና ከምባትሳ ተናጋሪ የሆናችሁ የክፍል ጓደኞቼ፣ የአስቴርን ዓረፍተ ነገር በቋንቋችሁ ጻፉልንና የማጠሪያዋ ቃል ከስሙ በፊት ነው ከኋላ የምትቆመው፣ በጊዜ ላይስ ትሠራለች የሚለውን አብረን እናወዳድር። ሁለቱም እንደ አማርኛ ግሳቸውን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉ ቋንቋዎች ስለሆኑ ልጁ የሚያውቀውን መሰላል አድርጎ ወደ እንግሊዝኛው ይወጣበታል። በሚቀጥለው እትም ውጤቱን ሰንጠረዥ አድርጎ ማውጣት ይቻላል።

3ኛ. ወደምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ስንሄድ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚለውን ወረቀት እኛ አንለጥፍ። ተለጥፎ ካገኘነውም ከርዕሰ መምህሩ ጋር በአክብሮት እንነጋገርበት። በምትኩ «በዚህ ክፍል እንግሊዝኛ እንለማመዳለን፤ ያልገባህን በምትችለው ቋንቋ ጠይቅ» ብለን ብንጽፍ ቃላቱ ይረዝማሉ፤ ግን የሚያስቀሩት ልጅ አይኖርም።

አበው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ። በማዕድ ላይ የተባለ ነው፤ በቋንቋም የሚሠራ ይመስለኛል። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ ሺንሺቾ፣ ማዕዱ ብዙ ቋንቋ የቀረበበት አካባቢ ነው። «ብቻ» አስፈላጊ ቃል ናት፤ ቼካችንን ትጠብቃለች፣ ፈተናችንን ታስተካክላለች፣ መድኃኒታችንን ታስጠነቅቃለች። በተማሪ ዙሪያ ስናጥራት ግን ሁለቴ እናስብ።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም በልምምድ ላይ «እንግሊዝኛ ብቻ» ጠቅሞኛል የምትሉ ጓደኞችና መምህራን፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉ። በጽሑፍ እንከራከር። ሰላም ሁኑልኝ።